ንግግርን የሚያጠነክሩ ቃላትና አገባባቸው

ሰው ሲናገር ነገሩን ብቻ ሳይሆን የነገሩንም ልክ ያስታውቃል። ስለዚህ በአማርኛ ንግግር የሚጠነክርባቸውን ዋና ዋና መንገዶች ቀጥለን እንመልከት።

1ኛ/ «አለ» በሚለው ግሥ። «ደከመኝ» ተራ ንግግር ነው፤ «ደከም አለኝ» ጥቂት ድካም ነው፤ «ድክም አለኝ» ግን ፈጽሞ መዛል ነው። ሥሩ አንድ ሲሆን በድምፁ መለወጥ ብቻ ልኩ ከፍና ዝቅ ይላል።

2ኛ/ ፊደልን በመድገም። «ሰበረ» ያለ አንድ ጊዜ መስበሩን ይናገራል፤ «ሰባበረ» ያለ እንደ ሆነ ግን እንክትክቱን ማውጣቱ ነው።

3ኛ/ ለነገሩ በተለየ ቅጽል። ጨለማ «ድቅድቅ»፥ እንቅልፍ «ጭልጥ ያለ»፥ ውሸት «ነጭ» ይባላል። «ድቅድቅ ውሸት» የሚል ግን የለም።

4ኛ/ በወጣቶች የጨዋታ ቃል። «ቀውጢ» የጭንቅና የሁከት ቀን ስም ነበር፤ ዛሬ የከተማ ወጣት «ግብዣው ቀውጢ ነበር» ሲል ማድነቁ ነው። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በጃፓንም «ያባይ» የሚለው ቃል አደገኛ ማለት ሲሆን፥ ወጣቶች እጅግ ግሩም ለማለትም ይጠቀሙበታል። «በጣም» ለማለት ከባልንጀራቸው ጋር «ሜቻ» ይላሉ፤ ለመምህር ሲናገሩ ግን «ቶቴሞ» ማለት ይገባል። እንግዲህ ቃሉ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ቦታውን መሳቱ ነው። ለሽማግሌ፥ ለማመልከቻና ለፈተና ወረቀት «እጅግ» እና «በጣም» ይበቃሉ። እነዚህም ቢሆኑ በየዐረፍተ ነገሩ ከገቡ ኃይላቸው ያልቃል፤ ሁሉ ነገር «እጅግ» ከሆነ እውነተኛው ጭንቅ በመጣ ጊዜ የሚነገርበት ቃል ይጠፋል።

በሰቆጣና በዙሪያዋ ከእኛ ብዙዎቻችን በቤት ኽምጣንጋ፥ በትምህርት ቤት አማርኛ እንናገራለን። አማርኛ የሴም፥ ኽምጣንጋ ደግሞ የኩሽ ወገን የሆነ የአገው ቋንቋ ነው። ይሁን እንጂ «አለ» በሚል ግሥ ንግግርን ማጠንከር በአገው ቋንቋዎችም የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ኽምጣንጋ የሚያውቅ ተማሪ ይህን የአማርኛ መንገድ በባዕድነት አያየውም። የከተማውን ቃል በአንድ ሳምንት መልመድ ይቻላል፤ የአያቶቻችን ማጠንከሪያ ግን ጠያቂ ካጣ ከእነርሱ ጋር ይቀራል።

መልመጃ፦ ወላጆችህንና አያቶችህን ጠይቀህ ለብርድ፥ ለራብና ለደስታ የሚነገሩ አምስት ማጠንከሪያዎች በኽምጣንጋ ጻፍ። በአጠገባቸውም የአማርኛ አቻቸውን አኑር፤ ለማን እንደሚነገሩም ለይ።