አገር ጎብኚ ማደሪያውን በምን ይመርጣል?

ባለፈው ክረምት አጎቴ በዓለም ገና መገንጠያ ካለው ምግብ ቤቱ በላይ ዐሥር የመኝታ ክፍሎች ለመሥራት አሰበ። «ይህ ሁሉ የቱሪስት መኪና በደጄ እያለፈ ስለ ምን አዲስ አበባ ሄዶ ያድራል?» ይል ነበር። ለግንባታው ከባንክ ሊበደር ስለ ነበረና ዕዳው ለቤተ ሰቡ ሁሉ የሚተርፍ ስለሆነ፥ በጂኦግራፊ የተማርሁትን ይዤ ነገሩን ልመረምርለት ተነሣሁ። ያገኘሁትንም ለክቡራን አንባብያን እነሆ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ዋና ከተማችንን እንመልከት። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተሠራው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የሚገኘው በአራዳ ነው፤ ያን ጊዜ ገበያውም የነጋዴውም ጉዳይ በዚያው ነበርና። ባቡር ከገባ በኋላ ራስ ሆቴል ከለገሃር ብዙ ሳይርቅ ተሠራ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1961 የአፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅ ለስብሰባ የሚመጣው እንግዳ በዛ፤ በ1969ም ሒልተን ከዚያው ሳይርቅ ተከፈተ። በ2019 ደግሞ ስካይላይት በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ሥራ ጀመረ። ሌሊት ወርዶ ጠዋት ለሚበር መንገደኛ ከዚያ የሚሻል ስፍራ አይገኝም።

ከዚህ የተረዳሁት፥ እንግዳ ማደሪያ ሲመርጥ አስቀድሞ የሚያስበው የነገውን ጠዋት ጉዳዩን መሆኑን ነው። የአልጋው ምቾት የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ነገር ግን ቅርበት ብቻውን ሁሉን አይወስንም። በጎንደር ጎሃ ሆቴል ከከተማው ወጣ ብሎ ከኮረብታ ላይ ተቀምጧል፤ እንግዳው ዳገቱን የሚወጣው ከተማውን ከላይ ሆኖ ለማየት ሲል ነው።

ወደ ዓለም ገና እንመለስ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ እዚህ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በሰበታና በወሊሶ አድርጎ ወደ ጅማ፥ ሁለተኛው ወደ ቡታጅራና ሆሳዕና ይሄዳል። በሁለተኛው መንገድ በአዋሽ ዳር ያለው መልካ ቁንጥሬና የጤያ ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። ጤያ በ1980፥ መልካ ቁንጥሬ ከባልጪት ጋራ በ2024 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ስለዚህ አጎቴ ቱሪስት ያልፋል ማለቱ እውነት ነው።

አንድ ቅዳሜ ከማለዳ ጀምሬ በምግብ ቤቱ በረንዳ ተቀመጥሁ። ከቱሪስት መኪኖቹ አንዳንዶቹ ቡና ለመጠጣት ቆሙ። ከሾፌሮቹ አንዱን፥ «ጋሼ፥ እንግዶችዎ እዚህ ቢያድሩ አይሻላቸውም?» ብዬ ጠየቅሁት። ሣቀና፥ «ወንድሜ፥ ሻንጣቸው ቦሌ ነው። ጤያን አይተው ማታ ይመለሳሉ፤ ከቤታቸው በር ደርሰው ስለ ምን ደጅ ያድራሉ?» አለኝ። ይህን አንድ ቃል ከብዙ ገጽ የተማርሁት አልነገረኝም። ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚቀረው ሰው እኛ መድረሻ አይደለንም።

«ማለዳ ተነሥቶ የከተማውን የመኪና ግርግር ለማምለጥ የሚፈልግ እዚህ ቢያድርስ?» ብዬ ደግሞ ሞገትሁት። «ማለዳውን ከቦሌም ቢሆን ይነሣል» ብሎ ሒሳቡን ከፍሎ ሄደ።

ማታ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ከሆሳዕና በኩል የሚመጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች መኪናቸውን የሚያቆሙበት ግቢ እየፈለጉ ይዞሩ ነበር። እነርሱ ሌሊቱን እዚህ ማሳለፍ የሚፈልጉት ጭነታቸውን ጠዋት ለማራገፍ ነው፤ ስለዚህ የእኛ ስፍራ ለእነርሱ የተመቸ ነው።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ቀጥሎም፥ «ልጄ፥ ቱሪስቱ ከእኛ ዘንድ ምን ፈልጎ ወረደ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቡናና ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ነው አልሁት። አሁን ግንበኛው በጓሮ በኩል ሁለት መጸዳጃ ቤቶች እየሠራ ነው። ከላይ የታሰቡት ዐሥሩ ክፍሎች ሦስት ሆነዋል፤ የቀረው ቦታ ለጭነት መኪናዎች ማቆሚያ ታጥሯል።