ከሴቶቹ አፎሻ ጀምሪ

እህት ዓለም፣ ለእናቶች ማቆያው መዋጮ ልትጠይቂያቸው የያዝሽውን የስም ዝርዝር እያየሁት ነው። ከላይ የጫት ነጋዴዎቹን፣ ከሥራቸው ሳዑዲ ያሉትን ልጆች ጽፈሻል። የመንደሩ ሰው የለበትም። ብር ያለው እነሱ ጋ ነው ብለሽ ነው፣ ገብቶኛል። ግን ጤና ጣቢያው ግቢ ያለው የእናቶች ማቆያ ውስጥ መውለጃዋ ሲቃረብ መጥታ የምታርፈው ማን ናት? ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ የመጣች፣ እንደዚሁ የመንደር ሰው ልጅና ሚስት ናት። በሁለት ነጋዴ ብር የሞላ ጓዳ ነጋዴዎቹ የከፋቸው ወር ባዶውን ያድራል።

አዲስ ኮሚቴ አታቋቁሚ። አፎሻው፣ የመንደሩ መረዳጃ ማኅበር፣ አለልሽ። መዝገብ አለው፣ የሚፈራና የሚከበር ሰብሳቢ አለው፣ ሰው ሲቀር የሚጠየቅበት ደንብ አለው፤ አንቺ ይህን ሁሉ ከባዶ ልገንባ ብትይ ዓመት ይፈጅብሻል። ደግሞ ከወንዶቹ በፊት ወደ ሴቶቹ ሂጂ። ሐረር ከተማም አፎቻ የሚሉት ይኸው ማኅበር የሴትና የወንድ ተብሎ ለየብቻ ነው፤ እናቶቻችን በራሳቸው መዋጮ ማዘዝ የለመዱት ዛሬ አይደለም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ይህን በደንብ ያዥው። በሐረርጌ ሴቶች ፈረቃ አናኒ የሚሉት የወተት ማኅበር አላቸው። የእያንዳንዷ ላም ወተት ጥቂት ስለሆነ ጎረቤታሞቹ የዕለቱን ያጠራቅሙና ለአንዷ ይሰጧታል፤ እሷ ገበያ አውጥታ ሸጣ ብሩን ትይዛለች፤ ነገ ተራው የሌላዋ ነው። ማን ስንት ጣሳ እንደሰጠ ሳይጽፉ ያውቁታል። እንዲህ ያለ ማኅበር ካገኘሽ ማቆያውን እንደ አንድ አባል አስገቢው። በወር አንድ ቀን ተራው የማቆያው ይሁን፤ የዚያ ቀን ወተት ተሸጦ ቡና፣ ስኳርና የገንፎ ዱቄት ይገዛበት። ማንም ከኪሱ ብር አላወጣም፣ ማንም አልተጎዳም፣ ግን በየወሩ የማይቀር ነገር አገኘሽ። ለእኔ ይህ ከነጋዴው አንድ ጊዜ ከሚሰጥሽ ብዙ ብር ይበልጣል።

ሰዓቱንም ዕወቂ። ማሽላ ሲገባ እህል በጣሳ ጠይቂ፣ ሰው ደስ ብሎት ይሰፍርልሻል። ክረምት ላይ፣ አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ገና ማሳ ላይ ሳለ፣ ገንዘብም እህልም አትጠይቂ። ያን ጊዜ ጉዛ፣ የደቦ ሥራ፣ ጥሪ፤ ጭቃ የሚለስን፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ ውኃ የሚቀዳ ሰው ሞልቷል። እንደ 2008ቱ ዓይነት ድርቅ ሲመጣማ አዋጪው ራሱ ተረጂ ይሆናል፣ ምዕራብ ሐረርጌ አይታዋለች። የሌላትን ሴት ስም ግን ከመዝገቡ አታውጪ። አንድ ሸክም እንጨት ካመጣች እሱን ጻፊላት፣ ሺህ ብር ከሰጠው ሰው እኩል ስሟ ይነበብ።

ብሩን በራስሽ ስልክ አትቀበይ። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ቀሏል፣ ሐሜት ማንሳቱም አብሮ ቀሏል። በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይከፈት፤ እጅ በእጅ የመጣውን ደግሞ ሦስት ቁልፍ ባለው ሣጥን አኑሩት፣ ቁልፎቹም ሦስት ቤት ይደሩ። ሒሳቡ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ማንበብ የማትችለዋ ሴት የተሰጠውንም የወጣውንም በጆሮዋ ትስማ። ሳዑዲ ላሉት የመዝገቡን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪላቸው። ሩቅ ያለ ልጅ ለአገሩ ማዋጣቱ አዲስ አይደለም፤ በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የነበሩት ጉራጌዎች ለአገር ቤት መንገድ ያዋጡት እንዲሁ ነው። ብቻ ልጁ የሚጠየቀው አገር ቤት ያለው ቤተሰቡ መዋጮ በጀመረ ማግስት ይሁን፣ ከዚያ በፊት አይደለም።

ዘካን ከዚህ ጋር አታደባልቂ። ለማን እንደሚሰጥ ደንብ ያለው ነገር ነው፤ ሼኩን ሳታማክሪ አፍሽ ላይ እንዳታመጪው። ሰደቃ ሌላ ነው።

ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋርም ቁጭ በሉ። የወሊድ አገልግሎቱ በነፃ ነው፤ በሕዝብ መዋጮ የመጣው ዱቄትም ለአንዲት እናት እንኳ በዋጋ እንዳይሰጥ በጽሑፍ ይቀመጥ። የጓዳው አንዱ ቁልፍ እነሱ ጋ፣ ሌላው ከሴቶቹ ጋ ይሁን።

አልጋና ፍራሽ ለመግዛት ግን አትቸኩይ። ብዙዋን እናት ከማቆያው የሚያስቀራት የአልጋ ጉዳይ አይደለም። ልጆቼን ለማን፣ ፍየሎቼን ለማን ትላለች፤ ባሏም ማን ያበስልልኛል ይላል። ስለዚህ እሷ እስክትመለስ ልጆቿን የምታበላ፣ ከብቷን የምታግድ ጎረቤት የመዋጮ መዝገቡ ውስጥ ትግባ፤ እንዲያውም ከላይ ትጻፍ። ምጥ የያዛትን በቃሬዛ ተሸክመው መኪና እስከሚገኝበት የሚያደርሱት ጎረምሶችም እንዲሁ።

አሁን ያንን ወረቀት እጠፊውና የሴቶቹ አፎሻ በሚቀመጥበት ቀን ሂጂ። ስለ ገንዘብ ቀድመሽ አታንሺ። ባለፈው ክረምት ማን የት ወለደች፣ ማንስ መንገድ ላይ ቀረች፣ ይህን ጠይቂያቸውና እስኪጨርሱ ስሚያቸው።