ለመቅደም ሳይሆን ለመጨረስ መሮጥ
(ለጀማሪዎች የተዘጋጀ ትምህርት)



በአገራችን ስለ ሩጫ ሲነሣ ወዲያው ወደ አሳባችን የሚመጡት በዓለም አደባባይ ሰንደቅ ዓላማችንን ያስከበሩት ጀግኖች ናቸው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶንን ድል ከተቀዳጀ ወዲህ ሩጫ የኢትዮጵያውያን መታወቂያ ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ ይህ ክብር አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ ሳያሳድርብን አልቀረም፤ ይኸውም ሩጫ የተመረጡ ሰዎች ሥራ ነው፥ የቀረነው ቆመን ከማጨብጨብ በቀር ሌላ ድርሻ የለንም የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ሮጦ የማያውቅ ሰው እንዴት እንደሚጀምር፥ የመጀመሪያውን ውድድርም እንዴት በሰላም እንደሚጨርስ ከራሳችን ስሕተት ጋር አያይዘን እንመለከታለን።

1. ስለ ምን እንሮጣለን?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት አንድ ጤናማ ጎልማሳ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፥ ለምሳሌ ፈጠን ያለ ርምጃ፥ ወይም ቢያንስ 75 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ፥ ለምሳሌ ሩጫ፥ ማድረግ ይገባዋል። ይህን የሚያህል እንቅስቃሴ የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን ለመከላከልና ለመቈጣጠር ይረዳል፤ እንቅልፍን ያሻሽላል፤ ጭንቀትንም ያቀላል። አብዛኛውን ቀን ተቀምጠን ለምንውል ለመምህራንና ለቢሮ ሠራተኞች ነገሩ ከመዝናኛ ያለፈ ነው።

2. የእኛ አጀማመርና ጥፋታችን

ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር ከቁምስናችን ዘጠኝ ሰዎች ሆነን በኅዳር የሚደረገውን «ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ» ለመሮጥ ተስማማን። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ለብዙ ዓመታት ሕፃናትን ትምህርተ ክርስቶስ ያስተማሩ አንዲት እናት ነበሩ፤ የደም ግፊት ስላለባቸው ሐኪማቸው ከመድኃኒቱ ጋር ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ መክሯቸው ነበር።

በመጀመሪያው ጠዋት ያለ ምንም ሥርዓት ሮጥን፤ ገና ጥቂት መቶ ሜትር እንደ ሄድን ግማሾቻችን ወገባችንን ይዘን ቆምን። በሁለተኛው ሳምንት ጠንከር ያሉት ፊት ፊት ሲሄዱ እናታችን ብቻቸውን ወደ ኋላ ቀሩ። እኛም እየቆምን መጠበቃችንን እንደ ደግነት ቈጠርነው። በሦስተኛው ሳምንት ግን አልመጡም። ቤታቸው ሄደን ብንጠይቃቸው «በየቀኑ እናንተን ማስቆም ከበደኝ» አሉን።

ነገሩን ስንመረምረው ጥፋቱ የእኛ ሆኖ አገኘነው። ቆመን ስንጠብቃቸው እኛ ዐረፍን፤ እርሳቸው ሲደርሱ ግን ትንፋሻቸውን ሳይሰበስቡ ወዲያው እንደ ገና ጕዞ እንጀምር ነበር። እንግዲህ ብዙ ዕረፍት ያገኘው ብርቱው፥ ምንም ዕረፍት ያላገኘው ደካማው ነበር ማለት ነው። ይቅርታ ጠየቅናቸው፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ እርሳቸው ከፊት ሆነው እንዲመሩን፥ የሁላችንም ፍጥነት በእርሳቸው ፍጥነት እንዲለካ ወሰንን። የሚያስደንቀው ነገር ይህ ውሳኔ ብርቱዎቹንም መጥቀሙ ነው፤ ሦስቱ በችኮላ ያመጡት የቅልጥም ሕመም ለቀቃቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው በእኛ ደረሰ።

3. የልምምድ ሥርዓት

ለጀማሪ የሚጠቅመው ዋና ምስጢር ሩጫን ከርምጃ ጋር ማፈራረቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ጆሽ ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ለነበሩት እናቱ ብሎ በዚህ ዘዴ የዘጠኝ ሳምንት መርሐ ግብር አዘጋጅቶ ነበር፤ ያም መርሐ ግብር በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። እኛም ይህንኑ ዘዴ ለራሳችን አቅም በሚስማማ መልኩ እንደሚከተለው ሠራንበት።

ሀ. በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ፥ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን እያረፍን። አጥንትና ጅማት የሚጠነክሩት በዕረፍቱ ጊዜ ነውና።

ለ. በ1ኛውና በ2ኛው ሳምንት 5 ደቂቃ ፈጠን ብሎ በመራመድ ሰውነትን ማሟሟቅ፤ ከዚያም 1 ደቂቃ ሶምሶማ፥ 2 ደቂቃ ርምጃ፥ ይህንኑ 8 ጊዜ መደጋገም፤ በመጨረሻም 5 ደቂቃ በዝግታ መራመድ።

ሐ. በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት 2 ደቂቃ ሶምሶማና 2 ደቂቃ ርምጃ 6 ጊዜ፤ በ5ኛውና በ6ኛው 5 ደቂቃ ሶምሶማና 2 ደቂቃ ርምጃ 4 ጊዜ።

መ. ከ7ኛው እስከ 9ኛው ሳምንት የሶምሶማውን ጊዜ እያራዘሙ 30 ደቂቃ ሳያቋርጡ መሮጥ። ሳምንቱ የከበደው ሰው ያንኑ ሳምንት ቢደግመው ነውር የለበትም።

ሠ. 10 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ ለሚያስብ ሰው ከዚህ በኋላ ሌላ ስምንት ሳምንት ያስፈልጋል፤ በእነዚህም ሳምንታት ከሦስቱ ቀኖች የአንዱን ርቀት ብቻ ጥቂት በጥቂት ይጨምራል።

ፍጥነቱ ልክ መሆኑን የምናውቀው በንግግር ነው። እየሮጥን አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተን ፈጥነናል። በተለይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች በእያንዳንዱ እስትንፋስ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህም ጀማሪ ቶሎ ቢያለከልክ በራሱ ሊያፍር አይገባውም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

4. ስለ ጥንቃቄ

የልብ ሕመም፥ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። በሩጫ ላይ ሳለ ደረቱን የወጋው ወይም ያዞረው ሰው ወዲያው ቆሞ እርዳታ ይጠይቅ፤ ይህን መታገሥ ጀግንነት አይደለም። የጡንቻ መዛል ደንበኛ ነገር ሲሆን፥ በአንድ ቦታ ላይ እየባሰ የሚሄድ የአጥንት ወይም የጕልበት ሕመም ግን የዕረፍት ትእዛዝ ነው።

ጫማን በሚመለከት ውድ መሆኑ ሳይሆን እግርን አለማጥበቁና ሶሉ አለማለቁ ይታይ። አበበ በባዶ እግሩ መሮጡን ምክንያት በማድረግ ጫማውን ሊያወልቅ የፈለገ ወንድም ነበረን፤ ነገር ግን አበበ እግሩን አስቀድሞ በልምምድ ያጠነከረ ሯጭ ነበር። ከተቻለም ከአስፋልት ይልቅ በሣር ሜዳ መሮጥ ለጀማሪ ጕልበት ይመረጣል።

በጾም ቀን ቀላል ልምምድ ብቻ ማድረግ ወይም ልምምዱን ወደ ምግብ ሰዓት ማቅረብ ይሻላል፤ እኛ ረቡዕንና ዓርብን የዕረፍት ቀን አድርገናቸው ነበር። ውድድሩም ከነቢያት ጾም መግቢያ ጋር ስለሚቀራረብ፥ ቀኑም እሑድ ስለሆነ፥ ስለ ምግቡም ስለ ቅዳሴውም አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

5. የውድድሩ ቀን

«ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ» ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. ሲሆን የመሥራቹ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ዓላማ ሕዝቡን ከአትሌቶች ጋር ማስሮጥ ነበር። ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሕዝብ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ ይወጣል። በዚያ ጭፈራ መካከል ከልምምድ በላይ መፍጠን የጀማሪ ሁሉ ፈተና ነው። በዚያን ቀን አዲስ ጫማ አይደረግም፤ ያልተለመደ ምግብ አይበላም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኪሎ ሜትሮች ከልምምዱ ይልቅ በዝግታ ይሮጣሉ፤ ዳገት ሲመጣ ያለ ኀፍረት መራመድ ይፈቀዳል።

ከዘጠኛችን አንዱ ይህን ምክር ረስቶ በሕዝቡ ግፊት ቀደመን፤ ከመንገዱ እኩሌታ በኋላ ግን በመንገድ ዳር ተቀምጦ አገኘነው። እናታችን እጁን ይዘው «ተነሣ፥ ከእኛ ጋር ተራመድ» አሉት። በ1 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ሁላችንም ገባን። በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ከፊታችን ነበሩ፤ ነገር ግን ለእኛም ለእነርሱም በአንገት ላይ የተንጠለጠለው ሜዳልያ አንድ ዓይነት ነበር።

ማጠቃለያ

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የሩጫን ምሳሌ አንሥቶ ነበር፤ በከተማቸው አጠገብ በየሁለት ዓመቱ የኢስትሚያ ውድድር ይደረግ ነበርና። በዚያ ውድድር አክሊሉ የአንድ ሰው ብቻ ነበር። በሕዝብ ሩጫ ግን የጨረሰ ሁሉ ተሸላሚ ነው፤ የወደቀውን ለማንሣት የቆመም ምንም አይጐድልበትም። እናታችን ዛሬም በሳምንት ሦስት ቀን ይወጣሉ፤ በዚህ ዓመትም ሌሎች አምስት ጀማሪዎችን ከኋላቸው አሰልፈዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምናስተምርበት ወይም በምንሠራበት ማኅበር ፍጥነቱን የሚወስነው ማን ነው? ዕረፍት የሚያገኘውስ ማን ነው?

2. ከመካከላችን «እናንተን ማስቆም ከበደኝ» ብሎ በዝምታ የቀረ ሰው አለን? ቤቱስ ሄደን ጠይቀነዋል?

3. በቁምስናችን አቅራቢያ ለሶምሶማ የሚመች ሜዳ የት ይገኛል? በሳምንት የትኞቹን ሦስት ቀኖች መመደብ እንችላለን?