ሣቅና እርጋታ በቤተሰብ መካከል

መግቢያ

የኮቪድ-19 በሽታ በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ በርካታ ሠራተኞችም ሥራቸውን ከቤት ሆነው እንዲያከናውኑ ተደርጎ ነበር። ስለዚህ ቀድሞ ማታ ማታ ብቻ ይገናኝ የነበረ ቤተሰብ ቀኑን ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ይውል ነበር። የገቢ መቀነስ፣ የበሽታው ፍርሃትና የቤት ጥበት ሲደራረቡ ትንሹ ነገር ሁሉ ያስቆጣል። ይህ በማንም ላይ የሚደርስ እንጂ የድክመት ምልክት አይደለም።

ምሳሌ

በሁለት ክፍል ቤት የሚኖር፣ ስድስት አባላት ያሉት አንድ ቤተሰብ ለምሳሌ ይወሰድ። አባት ሥራው ተቀዛቅዞበታል፤ ስለ ወረርሽኙ የሚያወራውን ሬዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ ከፍቶ ይውላል፤ ልጆቹ ሲንጫጩም ይጮኽባቸዋል። የሰባት ዓመት ልጁ ሌሊት እየባነነች መነሣት ጀምራለች። አንድ ቀን አያት የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ከጤና ጣቢያ ይዘው ይመለሳሉ። እጃቸውን ታጥበው ቡና ሲቀርብላቸው የአፍና አፍንጫ መሸፈኛቸውን ሳያወልቁ ስኒውን ወደ አፋቸው ያስጠጋሉ። ቡናው በጨርቁ ላይ ይፈስሳል። ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ሁሉም የአባትን ፊት ያያል። አያት ግን ቀድመው፣ «ይኸ ጨርቅ አቦሉን ቀደመኝ!» ሲሉ ቤቱ በሣቅ ይሞላል፤ አባትም ይሥቃል።

በዚያው ምሽት ሬዲዮው ተዘግቶ እንቆቅልሽ ይጀመራል። አባት የልጁን እንቆቅልሽ መፍታት አቅቶት «አገር ስጠኝ» ትለዋለች፤ እሱም ጎንደርን ይሰጣታል። የአባት ሥራ አልተመለሰም፤ ቤቱም አልሰፋም። ነገር ግን ልጅቷ የአባቷን ፊት ሳትፈራ አጠገቡ ተቀምጣለች።

ሣቅ ምን ይጠቅማል?

ሣቅ በሽታውን አይከላከልም፤ አያድንምም። ሆኖም በጭንቀት የተወጠረ ሰውነትን ያላላል፤ የተኮራረፉትንም ያቀራርባል። ልጆች የአደጋውን መጠን የሚለኩት ከዜና ይልቅ በወላጆቻቸው ፊትና ድምፅ በመሆኑ የወላጅ መረጋጋት ለልጅ መጠለያ ነው።

በቤት ውስጥ የሚተገበሩ

1. ዜና ከታመነ ምንጭ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ መከታተል፤ ከመኝታ በፊት አለመስማት።
2. እጅ በሳሙና ለ20 ሰከንድ ሲታጠብ ልጆች የመረጡትን ዜማ አብሮ ማዜም።
3. ጎረቤት ለቡና መጥራት ቢቀርም በስልክ መጠየቅ፤ የቡናውን ሰዓት ለቤተሰቡ የተረት፣ የእንቆቅልሽ ወይም የገበጣ ጊዜ ማድረግ።
4. ቁጣ ሲመጣ ከመናገር በፊት ጥቂት ራቅ ማለት፤ አየር በአፍንጫ ለ4 ሰከንድ ስቦ ለ6 ሰከንድ ቀስ ብሎ ማስወጣት፤ ይህንንም አምስት ጊዜ መደጋገም።
5. ልጅን ያለ አግባብ የተቆጣ ወላጅ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ» ማለትን እንደ ውርደት አለመቁጠር።

ጥንቃቄ

አያት የሣቁት በራሳቸው ነው። ሌላው ሰው ቀድሞ ቢሥቅባቸው ኖሮ ሣቁ ያቆስል ነበር። በታመመ፣ ከለይቶ ማቆያ በተመለሰ ወይም ሐዘን በደረሰበት ሰው ላይ መቀለድ አይገባም። የቤተሰብ አባል ፍርሃቱን ሲናገር በቀልድ ከማለፍ ይልቅ ጨርሶ እስኪናገር ማዳመጥ ይቀድማል።

እንቅልፍ ማጣት፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም ከሰው መሸሽ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ወይም በቤት ውስጥ ድብደባ ካለ ጉዳዩ በጨዋታ የሚፈታ አይደለም። ሳይዘገይ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

• በዚህ ሳምንት ቤተሰቡን በአንድነት ያሣቀው ምን ነበር?
• በቤቱ ውስጥ ዝምታ ያበዛው ማን ነው? ማንስ ቀርቦ ይጠይቀው?