«ልጄን ከቤት ማውጣት ፈራሁ»

ውድ የምክር አምድ አዘጋጅ፣ ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። ባለቤቴ ሜልበርን ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ነው። እኔና የአራት ዓመት ልጃችን በእሱ ስፖንሰርነት የመጣነው ባለፈው መጋቢት ነው። የተከራየነው ቤት ማሪቢርኖንግ ወንዝ አጠገብ ያለ አሮጌ ቤት ነው፤ ጓሮው ሰፊ ነው፣ ዛፍም አለው። መጀመሪያ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን የጓሮውን በር አልከፍትም።

ባለቤቴ የሚሠራው መጋዘን ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ነው። እሱ ከወጣ በኋላ ጣሪያው ላይ አንድ ነገር ይራመዳል፣ ያስላል፣ ያጉረመርማል። አንድ ሌሊት ደግሞ ከልጄ አልጋ በላይ ግድግዳው ላይ መዳፌን የሚያህል ሸረሪት አየሁ። ልጄን አንሥቼ እስኪነጋ ሳሎን ቁጭ አልን። ጠዋት ጎረቤታችን የሆኑት ፈረንጅ አሮጊት ጩኸቴን ሰምተው መጡና በብርጭቆና በወረቀት ይዘው ዛፉ ሥር ለቀቁት። እንዲገድሉት ለምኛቸው ነበር፤ ፈገግ ብለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሰላምታም አልሰጠኋቸው።

ሌላ ቀን ሲሚንቶው ላይ እባብ ተኝቶ አየሁ። ወፍራም ነው፣ አጫጭር እግር ያለው ይመስላል፣ ምላሱ ሰማያዊ ነው። በመጨረሻ፣ ልጄን ኪንደር፣ ማለትም መዋዕለ ሕፃናት፣ ሳደርስ አንድ ቁራ ከኋላ መጥቶ ጭንቅላቴን መታኝ። በጃንጥላ ልመታው ብሞክር ባሰበት። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄን ኪንደር አልላክኋትም።

ባለቤቴ ስነግረው ይስቃል፤ «ትለምጂዋለሽ» ይላል። እናቴ በስልክ «ቁራው ሟርት ነው፤ ቤቱን ጠበል እርጩት፤ ካልሆነም ነይ» ትለኛለች። ዋሽንግተን ያለችው የአክስቴ ልጅ የአውስትራሊያን እባብና ሸረሪት የሚያሳይ ቪዲዮ በየቀኑ ትልክልኛለች። ቤት እንቀይር ብለው ባለቤቴ እምቢ አለ። ልጄን ይዤ ወደ እናቴ ልመለስ? ወይስ እኔ ነኝ ያለ ልክ ፈሪ የሆንኩት?

ስሜ አይጠቀስ፣ ከሜልበርን

*

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቀድሜ ለጥያቄሽ ልመልስ፦ በዚህ ምክንያት አትመለሺ፤ ቤቱንም አትልቀቂ። ፈሪ ግን አይደለሽም፤ እንዲህ የሚልሽ ካለ አትስሚው።

ሽሮ ሜዳ ያደገ ሰው ከእንጦጦ የሚወርደውን ጅብ እየሰማ ተኝቷል። ጅብ ከሸረሪትና ከወፍ የበለጠ የሚያስፈራ አውሬ ነው። ያም ሆኖ እንቅልፍ አልነሳሽም፤ ምክንያቱም መቼ እንደሚወርድ፣ በየት እንደሚያልፍ፣ ምን ፈልጎ እንደሚመጣ፣ በር ከተዘጋ ምንም እንደማያደርግሽ እናትሽም ጎረቤቱም ከልጅነትሽ ጀምሮ ነግረውሻል። እዚህ ስትመጪ ይህን የሚነግርሽ አላገኘሽም። ባለቤትሽ ያውቃል፤ ከመንገር ይልቅ ግን ሳቀ። ስለዚህ እሱ ሊነግርሽ የሚገባውን እኔ ልንገርሽ።

ከወፉ ልጀምር፤ ልጅሽን ከትምህርቷ ያስቀራት እሱ ነውና። ማግፓይ ይባላል። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቁራ መስሎሽ ነው። ጠበል መርጨት የእምነትሽ ነው፤ እርጪ፤ እናትሽም ደስ ይላቸዋል። ወፉ የመታሽ ግን ጫጩቶቹን ሲጠብቅ ነው። እዚህ አገር ጸደይ የሚገባው እኛ እንቁጣጣሽ በምንልበት ወር ነው፤ ማግፓዮችም የሚፈለፍሉት ያኔ ነው። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት፣ አንዳንዴም ኅዳር እስኪጋመስ፣ አባትየው ጎጆው ካለበት ዛፍ ሥር የሚያልፈውን ያባርራል። ሁሉም ማግፓይ እንዲህ አያደርግም፤ ሰው የሚያባርሩት ከወንዶቹ ጥቂቶቹ ናቸው፤ እነሱም ከጎጆአቸው ርቀው አይሄዱም። ጫጩቶቹ ሲበሩ ነገሩ ያበቃል።

አንድ ነገር ግን በደንብ ያዢልኝ፦ ማግፓይ የሰው ፊት ይለያል፣ ያስታውሳል። በጃንጥላ የመታውን ሰው በሚቀጥለው ዓመትም ሊያውቀው ይችላል። ስለዚህ አትምቺው፤ ድንጋይም አትወርውሪበት። ሕጉም አይፈቅድም፤ ሜልበርን በምትገኝበት በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት የአገሩ የዱር እንስሳት በፈረንጆቹ 1975 በወጣ ሕግ የተጠበቁ ናቸው። ጃንጥላውን ዘርግተሽ ያዢውና ልጅሽን ከሥሩ አስገቢያት። መጠበቅ ያለበት ዓይኗ ነው፤ ወፉ አልፎ አልፎ ዓይን ይጎዳልና መነጽርና ሰፊ ባርኔጣ አድርጊላት። ስኩተር ላይ ከሆነች አውርጃት። አትሩጡ፤ እየተራመዳችሁ እለፉ። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ እስከ ኅዳር አጋማሽ በሌላ መንገድ መሄድ ነው። የኪንደሩን አስተማሪዎች ጠይቂያቸው፤ የትኛው ዛፍ ላይ ጎጆ እንዳለ እነሱ ያውቃሉ፤ ጥያቄውም የዚያ ሰፈር ወላጅ ሁሉ የሚጠይቀው ነው።

ኪንደር መቅረቷ ከወፉ ይልቅ አስጨንቆኛል። ቪክቶሪያ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች ኪንደር በመንግሥት ፕሮግራም በታቀፉ ተቋማት ሁሉ በነፃ ነው። ልጅሽ እንግሊዝኛውን የምትይዘው፣ ጓደኛ የምታፈራው፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስትገባ እንግዳ እንዳትሆን የምትዘጋጀው እዚያ ነው። እናቷ ወፍ ፈርታ ቤት እንደዘጋች ካየች ደግሞ ፍርሃቱን ከአንቺ ትማራለች።

ከአልጋዋ በላይ ያየሽው ሸረሪት ሀንትስማን ነው። ትልቅ፣ ጠፍጣፋ፣ ፈጣን ነው፤ ስታይው ልብ እንደሚያቆም አውቃለሁ። ሆኖም ለሰው አደገኛ አይደለም። ድር አይሠራም፤ የሚገባው በረሮና ሌላ ነፍሳት ሊያድን ነው። ከሰው ይሸሻል፤ ካልጨበጡት በቀር አይነክስም፣ ቢነክስም ሕመሙ ቶሎ ያልፋል። ጎረቤትሽ ያደረጉት ትክክል ነው። እሱ የሚያደርሰው እውነተኛ አደጋ መኪና ውስጥ ነው፤ ፀሐይ መከላከያው ኋላ ተደብቆ ሳለ ድንገት ሲወጣ ሹፌሩ ደንግጦ መሪውን ይለቃል። መንዳት ስትጀምሪ ይህን አትርሺ፦ ቀስ ብለሽ ዳር ያዢ፣ አቁሚ፣ ከዚያ ውረጂ።

ልትጠነቀቂው የሚገባው ሸረሪት ትንሹ ነው። ሬድባክ ይሉታል፤ ሴቷ ጥቁር ሆና ጀርባዋ ላይ ቀይ መስመር አላት። የምትኖረው ደረቅና ጨለማ ቦታ ነው፦ የአበባ ማሰሮ ሥር፣ የጓሮ ወንበር ሥር፣ የፖስታ ሳጥን ውስጥ፣ ያልተነካ ዕቃ መሀል። እኛ ደግሞ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን የምንገባ ሰዎች ነን። ውጭ ያደረ ጫማ ሳይራገፍ እግር አይግባበት፤ ይህን ለልጅሽ ከዛሬ ጀምረሽ አስተምሪያት። ጓሮ ዕቃ ስታነሺ ጓንት አድርጊ። ንክሻዋ ለሰዓታት ያማል፣ ላብ ያመጣል። መርዟን የሚያከሽፈው መድኃኒት ግን ከ1956 ጀምሮ አለ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለሽ ያዢበት፣ በፋሻ አታጥብቂው፣ 13 11 26 ደውይ፤ የመመረዝ መረጃ ማዕከሉ ነው፤ ሌት ተቀን ይሠራል። የአክስትሽ ልጅ ቪዲዮ ውስጥ ያለው ሲድኒ ፋነል ዌብ የሚባለው አስፈሪ ሸረሪት የሚገኘው ሲድኒና አካባቢዋ ነው። ያንን ቪዲዮ ማየትም አቁሚ። ሌሊት ብቻዋን ላለች እናት እንዲህ ያለ ነገር መላክ ደግነት አይደለም፤ ለልጅቷም ንገሪያት።

አሁን ወደ እባቡ። እግር ካለው፣ አጭርና ወፍራም ከሆነ፣ ምላሱም ሰማያዊ ከሆነ ያየሽው እንሽላሊት ነው። ብሉታንግ ይባላል፤ መርዝ የለውም፣ ቀንድ አውጣ ይበላል፣ ለጓሮ ይጠቅማል። ተይው ይሙቅ።

እውነተኛ እባብ የለም ግን አልልሽም። በማሪቢርኖንግ ዳር ታይገር ስኔክ አለ፤ በምዕራብ ሜልበርን ሜዳ ላይ ደግሞ ብራውን ስኔክ አለ፤ ሁለቱም መርዛቸው ኃይለኛ ነው። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ፣ ሙቀት ባለበት ጊዜ ይወጣሉ። በመላ አውስትራሊያ በእባብ የሚሞተው ሰው ግን በዓመት በአማካይ ሁለት ወይም ሦስት ነው። በአገራችን ገጠር በእባብ የተነደፈ ሰው ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ያለበት ቦታ ሳይደርስ ሕይወቱ ያልፋል፤ እዚህ ልዩነቱን ያመጣው መድኃኒቱና አምቡላንሱ በቅርብ መገኘታቸው ነው። ከሚነከሱትም አንዳንዶቹ እባቡን ሊይዙ ወይም ሊገድሉ የሞከሩ ናቸው። ስለዚህ ብታይው ቁሚ፣ ወደ ኋላ ራቂ፣ ልጅሽን ያዢ፣ እንዲያልፍ ተይው። ጓሮ ከገባ ፈቃድ ያለው እባብ ያዥ ይጠራል። ሣሩ አጭር ይሁን፤ የተከመረ እንጨትና ቆርቆሮ ይነሣ፤ አይጥ የሚጠራ ምግብ ውጭ አይደር። ነጭ ሽንኩርት በደጅ መነስነስ ይበቃል ብለሽ ግን አትተማመኚ።

ስለ ሕክምናው ከአገር ቤት የምናውቀውን እርሺው። መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ጠርቆ ማሰር፣ ጥቁር ድንጋይ ማስቀመጥ፣ ሁሉም ጉዳት ነው። የሚደረገው እዚሁ ሜልበርን ዶክተር ስትሩዋን ሰዘርላንድ በ1970ዎቹ መጨረሻ ያወጡት ነው። ሰፊ ላስቲክ ፋሻ ወስደሽ ወለምታ እንደሚታሰር ጠበቅ አድርገሽ የተነከሰውን እግር ወይም እጅ በሙሉ፣ በልብሱም ላይ ቢሆን፣ ትጠቀልያለሽ። ከዚያ በእንጨት ትደግፊዋለሽ። የተነከሰው ሰው አንድ እርምጃ እንኳ እንዳይራመድ፤ አምቡላንሱ ወደ እሱ ይምጣ። ቁስሉን አትጠቢው፤ ቆዳው ላይ የቀረው መርዝ ሆስፒታሉ የእባቡን ዓይነት እንዲለይ ይረዳልና። እንዲህ ያለ ፋሻ ፋርማሲ ይሸጣል፤ ገዝተሽ አንዱን ቤት፣ አንዱን ቦርሳሽ ውስጥ አኑሪ።

የሌሊቱ ፍርሃትሽ ግማሹ «አንድ ነገር ቢሆን በምን እንግሊዝኛ እናገራለሁ» የሚል ይመስለኛል። 000 ደውይና «አምቡላንስ» በይ፣ ቀጥለሽ «አምሃሪክ» በይ፤ አስተርጓሚ ያገናኙሻል። ለአጣዳፊ ላልሆነ ጉዳይ 131 450 የመንግሥት የአስተርጓሚ አገልግሎት ነው፤ ሌሊትም ይሠራል። አምቡላንስ እዚህ በነፃ አይደለም፤ የጤና ቅናሽ ካርድ ከሌላችሁ ባለቤትሽ በዚህ ሳምንት የአምቡላንሱን የቤተሰብ አባልነት ይክፈል። ሂሳቡን ፈርቶ ለመደወል የዘገየ ሰው እንዳትሆኚ።

ጣሪያው ላይ የሚያስለው ፖሰም የሚባል የዛፍ ላይ እንስሳ ነው። ሰው አይነካም። ይዞ ሌላ ሰፈር መጣል ሕግ ይከለክላል፤ እንስሳውም አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ለአከራዩ ወይም ለኤጀንቱ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ማታ ሊበላ ሲወጣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ከዚያ ዛፍ ላይ ያድራል።

ጎረቤትሽን ደግሞ ይቅርታ ጠይቂያቸው። ቡና አፍልተሽ ጥሪያቸው። ጩኸት ሰምቶ የሚመጣ ጎረቤት እዚህ አገር በቀላሉ አይገኝም፤ የዚያን ጓሮ ነገርም ከእኔ በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ምን የት እንዳለ እየዞሩ ያሳዩሽ። ቋንቋ ካላግባባችሁ በእጅ ይጠቁሙሻል። ለአዲስ መጤ አዋቂዎች የሚሰጠው ነፃ የእንግሊዝኛ ትምህርትም ትምህርት ቤት ላልደረሱ ልጆች መጠበቂያ አለው፤ ተመዝገቢ። ቀኑን ሙሉ መስኮት ዘግታ የምትውል ሴት ከሸረሪቱ ይልቅ ብቸኝነቱ ይጎዳታል።

የቀረው ለባለቤትሽ ነው፤ ይህን ገጽ አስነብቢው። ወንድሜ፣ ቤተሰብህን ለማኖር ሌሊት እንደምትደክም አውቃለሁ። አንተ እዚህ በቆየህበት ብዙ ዓመት የተማርከውን ሚስትህ በጥቂት ወር፣ ያለ አስተማሪ፣ በጨለማ እንድታውቀው ጠብቀሃል፤ ይህ ልክ አይደለም። በሚቀጥለው የእረፍት ቀንህ ከሁለቱ ጋር ጓሮውን ዙር፣ ማሰሮውን አንሥተህ ሥሩን አሳያቸው፣ የበሩን ክፍተት ድፈን፣ የመስኮቱን ወንፊት አስጠግን። እስከ ኅዳር ድረስ ከሥራ ስትመለስ ልጅህን ኪንደር አንተ አድርሳት። መሳቁን ተው። ሌሊት ስትደውልልህም ስልኩን አንሣላት።