የገጠር ልጆችና የምድር ትምህርት
ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

የጎጃም ደጋ ገበሬ መሬቱን በስም ለይቶ ያውቃል። ዋልካውን፣ ቀዩን፣ ጭንጫውን ይለያል፤ የትኛው ውሃ እንደሚይዝ፣ የትኛው ቶሎ እንደሚደርቅ ሲዘራም ሲያርስም ይመለከታል። ከብት የሚጠብቅ ልጅም ምንጩ የት እንደሚፈልቅ፣ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ፣ የትኛው ገደል በየክረምቱ እንደሚናድ ያውቃል። ሆኖም አፈርን፣ ድንጋይን፣ ውሃንና አየርን በዩኒቨርሲቲ ከሚያጠኑት መካከል የገጠር ልጆች፣ በተለይም ሴቶቹ፣ ጥቂቶች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩ የልማት ሠራተኛውንና ማኅበሩን ለምን እንደሚመለከት፣ በቀበሌ ደረጃም ምን ሊሠራ እንደሚችል እናስረዳለን።

1. ጉዳዩ ለምን ይመለከተናል?

በጮቄ ተራራ ዙሪያ ያለው አፈር በአብዛኛው ከ20 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ነው። ብርቱው የክረምት ዝናብ ከአፈሩ ውስጥ ካልሲየምንና ማግኒዝየምን እያጠበ ስለሚወስድ አፈሩ ኮምጣጣ፣ ማለትም አሲዳማ ይሆናል። የአሲድነቱ መለኪያ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም በአፈሩ ውሃ ውስጥ ይሟሟና የሰብሉን ሥር ያቀጭጫል። የሚጨመረው የፎስፈረስ ማዳበሪያም በአፈሩ ስለሚያዝ ሰብሉ በሚገባ አይጠቀምበትም። ገብስና ስንዴ የሚያቅተው ማሳ ለእንግዶ የሚተወው ስለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ በመጀመሪያ ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያም የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎም የኖራ ድንጋይ በየተራው ተደርቦ ይታያል። የኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ በአሲዳማ ማሳ ላይ ሲበተንና ከአፈሩ ጋር ሲቀላቀል አሲድነቱን ይቀንሳል።

ይሁን እንጂ ድንጋዩ በራሱ ወደ ማሳ አይደርስም። የት እንዳለና ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ የሚለይ የሥነ ምድር ባለሙያ ያስፈልጋል። የማሳውን አሲድነት የሚለካ የላቦራቶሪ ሠራተኛ፣ ለአንድ ሔክታር ስንት ቶን እንደሚበቃ የሚያሰላ የአፈር ባለሙያም ያስፈልጋሉ። ከሌላ ስፍራ የተመደበ ባለሙያ አገሩን ለምዶ መሥራት ሲጀምር ብዙ ጊዜ ይዛወራል። በቀበሌው ተወልዶ የተማረ ልጅ ግን የገበሬውን ቋንቋና የማሳውን ታሪክ አስቀድሞ ያውቃል። እንዲህ ያለ ባለሙያ ማፍራት እንደ ዘር ብዜት ሁሉ ዓመታት የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ዛሬውኑ መጀመር አለበት።

2. ከጎጃም የተገኘ ምሳሌ

ዶክተር ሰገነት ቀለሙ የተወለደችው በፍኖተ ሰላም ነው። በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ ከፍተኛ ትምህርት ቤት መግባቷ በአካባቢው ያልተለመደ ነበር። እርሷ ግን በዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ በዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ተምራ እ.ኤ.አ. በ1979 የመጀመሪያ ዲግሪዋን አገኘች። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በዕፅዋት በሽታ ጥናት ሦስተኛ ዲግሪዋን ተቀበለች። በኮሎምቢያ ለብዙ ዓመታት ተመራምራለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮም ለዓመታት በናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል በዋና ዳይሬክተርነት መርታለች። እ.ኤ.አ. በ2014 ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጠውን የሎሬያል-ዩኔስኮ ሽልማት አግኝታለች።

የእርሷ ሙያ የአፈር ጥናት ባይሆንም ምሳሌነቷ ለጉዳያችን የሚበቃ ነው። ገበሬው «ከእኛ አገር ሴት ልጅ ተምራ የት ትደርሳለች?» ብሎ ሲጠይቅ የልማት ሠራተኛው በስምና በዓመት መልስ መስጠት ይችላል።

3. ልጆቹን ወደ ኋላ የሚያስቀሩ ምክንያቶች

ሀ. የትምህርት ቤት ርቀት። ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት በብዛት ያለው በወረዳ ከተማ ነው። ልጆች ቤት ተከራይተው፣ በየሳምንቱ ከቤት ስንቅ ተሸክመው ይማራሉ። ስንቅ ወይም ኪራይ ሲጓደል ትምህርቱ ይቋረጣል።

ለ. የቤት ሥራ ጫና። ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ እህል መፍጨትና ታናናሾችን መጠበቅ በሴት ልጅ ላይ ይወድቃል። ወንዱ ልጅ ደግሞ በአጨዳና በውቂያ ወራት ከክፍል ይቀራል።

ሐ. ያለዕድሜ ጋብቻ። በሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። ይህን ሳይጠብቁ የሚድሩ ወላጆች ዛሬም አሉ።

መ. የትምህርት መቋረጥ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። አንድ ሁለት ዓመት ከክፍል የራቀ ልጅ ካልተፈለገና ካልተበረታታ አይመለስም።

ሠ. ሙያውን አለማወቅ። ተማሪው ሐኪምንና መምህርን አይቷል፤ የአፈር ወይም የሥነ ምድር ባለሙያ ግን አላየም። ያላየውን ሙያ ደግሞ አይመርጥም።

4. በማሳ ላይ የሚሰጡ ሦስት ሠርቶ ማሳያዎች

የሚከተሉት ሥራዎች ከመንደር በሚገኝ ዕቃ ይሠራሉ። ከ7ኛ ክፍል በላይ ላሉ ተማሪዎች፣ ከሳይንስ መምህራቸው ጋር በመተባበር ቢሰጡ ይመረጣል።

ሀ. አፈርን በጠርሙስ መለየት። በጠርሙስ እስከ ሲሶው አፈር ጨምሮ፣ ውሃ ሞልቶ፣ በብርቱ መናጥና ማስቀመጥ ነው። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ያህል ይዘቅጣል፤ ደቃቁ በሰዓታት ውስጥ ይከተላል፤ ሸክላው ግን አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይቆያል። ተማሪዎቹ የእያንዳንዱን ንብርብር ውፍረት በማስመሪያ ለክተው የዋልካና የቀይ አፈርን ልዩነት ይጻፉ።

ለ. የኖራ ድንጋይን መለየት። ጥቁር ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ለየብቻ አድቅቆ አቼቶ ጠብ ማድረግ ነው። የኖራው ድንጋይ አረፋ ያወጣል፤ ጥቁሩ አያወጣም። ጄሶም በመልኩ ነጭ ቢሆን አረፋ አያወጣምና በዓይን ብቻ መፍረድ እንደማይገባ ተማሪዎቹ ይረዳሉ።

ሐ. ዝናብን መለካት። ጎኑ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ ከዛፍና ከቤት ርቆ ይተከል። በየዕለቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ውሃው በሚሊ ሜትር ተለክቶ ይመዝገብና ይደፋ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር፣ በአንድ ሔክታር ላይ 10,000 ሊትር ነው። 20 ሚሊ ሜትር የዘነበ ለት በሔክታሩ ላይ 200 ቶን ውሃ ወርዷል ማለት ነው። በተመሳሳይ ስሌት ከአንድ ሔክታር አንድ ሚሊ ሜትር አፈር ቢታጠብ 10 ሜትር ኩብ፣ በክብደት ወደ 120 ኩንታል ይጠጋል። ተማሪው ይህን በራሱ እጅ ሲያሰላ እርከን ለምን እንደሚሠራ ይገባዋል።

በደምበጫ አጠገብ ባለው አንጀኒ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የዝናብ፣ የጎርፍና የታጠበ አፈር ልኬት ተይዟል። በአገራችን የአፈር ጥበቃ ጥናት በሰፊው የሚጠቀሰው የአንጀኒ መረጃ መሠረቱ ይህን የመሰለ የዕለት ተዕለት ምዝገባ ነው።

5. የልማት ሠራተኛው ተግባር

— ከት/ቤቱ ጋር ተነጋግሮ ቢያንስ በየወሰነ ትምህርቱ አንድ ጊዜ ተማሪዎችን ወደ ሠርቶ ማሳያ ማሳ መውሰድ፤
— በጉብኝቱ ሴቶች ተማሪዎች መለኪያውን ራሳቸው እንዲይዙ፣ ውጤቱንም ራሳቸው እንዲናገሩ ማድረግ፤ መዝገብ ብቻ እንዲጽፉ አለመተው፤
— ያቋረጡ ልጆችን በገበሬ ቀን ስብሰባ ከወላጆች ጠይቆ ስማቸውን ለት/ቤቱ ማስታወቅ፤
— ተማሪዎች የትምህርት ዘርፍ ከመምረጣቸው በፊት ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ለምድር ትምህርት መሠረት መሆናቸውን፣ ትምህርቱም በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች እንደሚሰጥ ማስረዳት።

6. የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ተግባር

ትምህርትና ሥልጠና ከኅብረት ሥራ መርሖዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ በጠቅላላ ጉባኤ አስወስኖ ለተወሰኑ ተማሪዎች የቤት ኪራይ ወይም የስንቅ እህል መደጎም ይችላል። የአባላት ልጆች በክረምት የኖራና የማዳበሪያ ሥርጭት መዝገብ እንዲይዙ፣ የዝናብ መለኪያውንም እንዲያነቡ በአበል ቢቀጠሩ ለራሳቸውም ለማኅበሩም ይጠቅማል።

ማሳሰቢያ፦ የሚረዱት ልጆች ምርጫ በግልጽ ይሁን። መመዘኛው አስቀድሞ ለአባላት ይነገር፤ ስማቸው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይለጠፍ፤ ከተመረጡት ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ። ለኮሚቴ አባላት ልጆች ብቻ የሚደርስ ድጎማ አባላትን ከማኅበሩ ያርቃል።

ማጠቃለያ

አሲዳማ ማሳ በአንድ ክረምት አይድንም፤ ባለሙያም በአንድ ዓመት አይወጣም። ዛሬ 9ኛ ክፍል ያለች ልጅ ትምህርቷ ካልተቋረጠ ከስምንት ዓመታት ገደማ በኋላ የአፈር ናሙና መርምራ ለወላጆቿ መንደር ምክር ለመስጠት ትደርሳለች። እስከዚያ ድረስ የሚያስፈልጋት ስንቋ እንዳይጓደል፣ ጋብቻዋ እንዳይቸኩል፣ ሙያውንም በዓይኗ እንድታይ ማድረግ ነው። እነዚህ ሦስቱ በቀበሌ ደረጃ ሊሟሉ የሚችሉ ስለሆኑ እያንዳንዱ ጣቢያና ማኅበር በዓመታዊ ዕቅዱ እንዲያስገባቸው እናሳስባለን።