«የት አለ? ስንተኛው ነው?»፦ አንድ ፕሮግራም የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች ስለማግኘትና ቨርዥናቸውን ስለማረጋገጥ

መግቢያ

እንደሚታወቀው በአሁኑ ጊዜ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከባዶ ተነስቶ የሚጽፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ቀን የሚያሰላ፣ ፊደል የሚለይ፣ ምስል የሚከፍት ኮድ ሌሎች ቀደም ብለው ጽፈው አስቀምጠውታል። እንዲህ ያለው ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ «ላይብረሪ» ይባላል። የእኛን ኮድ ከላይብረሪዎቹ ጋር አገናኝቶ የሚሠራ ፕሮግራም የሚያወጣልን መሣሪያ ደግሞ «ቢልድ ሲስተም» ነው። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ይህ መሣሪያ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የሚጠይቃቸውን ሁለት ጥያቄዎች ነው፤ ላይብረሪው የት አለ? ስንተኛው ቨርዥን ነው?

«ይህ የጋዜጠኝነት ተማሪን ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ያገባዋል እንጂ! ዜና የምንጽፈው፣ ቃል የምንቆጥረው፣ ገጽ የምናቀናብረው በፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ያረጀ ላይብረሪ ይዞ ከተሠራ ስሕተቱ የሚወጣው እኛ ባሳተምነው ገጽ ላይ ነው።

1. አንድ ፕሮግራም፣ ሁለት መልስ

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። ባለፈው ክረምት እኔ ቢቸና፣ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ጓደኛዬ ደግሞ ሞጣ፣ በየቤተሰባችን ዘንድ ነበርን። በአገራችን ቋንቋዎች የተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ ስንት ቃል እንዳለ የሚቆጥር አነስተኛ ፕሮግራም በሲ ፕላስ ፕላስ ጽፎ ነበር። ፕሮግራሙ የተመሠረተው «አይ-ሲ-ዩ» በሚባል ላይብረሪ ላይ ነው። ይህ ላይብረሪ የትኛው ምልክት ፊደል፣ የትኛው ሥርዓተ ነጥብ እንደሆነ፣ ቃል የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ያውቃል። የእኛን የዘመን አቆጣጠርም ያሰላል።

የአማርኛ ጽሑፍ ስንሰጠው ቢቸናም ሞጣም ቁጥሩ ያው ነበር። በጉራጌ ቋንቋ የተጻፉ ጥቂት መስመሮች ስንሰጠው ግን ነገሩ ተለወጠ። «አንተ ጋ ስንት ይላል?» ብሎ በስልክ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። የእኔ ይበልጣል። ኮዱ አንድ፣ ጽሑፉ አንድ፣ መልሱ ሁለት ሆነ።

ምክንያቱ ከፊደላችን ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ቨርዥን ነው። ከዚያም በ2005 (4.1) እና በ2010 (6.0) ተጨማሪ ፊደላት ገቡ። በ2021 የወጣው ዩኒኮድ 14 ደግሞ ለጉራጌ ቋንቋዎች አጻጻፍ የሚያገለግሉ ፊደላትን ጨመረ። የእኔ ላፕቶፕ ኡቡንቱ 20.04 ስለሆነ በውስጡ ያለው አይ-ሲ-ዩ 66 ነው፤ እሱ የሚያውቀው እስከ ዩኒኮድ 13 ድረስ ብቻ ነው። የሞጣው ኡቡንቱ 22.04 ሲሆን አይ-ሲ-ዩ 70 አለው፤ ዩኒኮድ 14ን ያውቃል። እንግዲህ ለእኔው ላፕቶፕ እነዚያ ፊደላት ፊደል አይደሉም። በቃል መካከል ሲያገኛቸው ቃሉን ከሁለት ቆርጦ ሁለት ብሎ ይቆጥራል።

ልብ በሉ፤ ፕሮግራሙ «አልቻልኩም» ብሎ አልቆመም፣ ስሕተትም አላሳየም። የሰዎችን ፊደል እንደሌለ ቆጥሮ በልበ ሙሉነት መልስ ሰጠ። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

2. የመጀመሪያው ጥያቄ፦ የት አለ?

ጓደኛዬ የተጠቀመው ቢልድ ሲስተም «ሲሜክ» ይባላል። ሲሜክ አንድን ላይብረሪ ሲፈልግ ሁለት ነገር ማግኘት አለበት። አንዱ «ሄደር» ነው፤ ላይብረሪው ምን ምን መሥራት እንደሚችል የሚዘረዝር ፋይል ማለት ነው። ሁለተኛው ሥራውን የሚሠራው ራሱ የላይብረሪው ፋይል ነው። ብዙ ጀማሪ የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው። «ላይብረሪው አለኝ፣ ሌሎች ፕሮግራሞች ይሠሩበታል፤ ለምን አልተገኘም ይለኛል?» ይላል። በኡቡንቱና በመሳሰሉት ላይ ለተጠቃሚ የሚመጣው የላይብረሪው ፋይል ብቻ ነው። ሄደሩ የሚገኘው ለፕሮግራም ጸሐፊዎች በተዘጋጀው፣ ስሙ መጨረሻ ላይ «ዴቭ» የሚል ባለበት ፓኬጅ ውስጥ ነው።

ሲሜክ ፍለጋውን በቅደም ተከተል ያካሂዳል። በቅድሚያ እኛ «እዚህ ፈልግ» ብለን የጠቆምነውን ፎልደር ያያል፤ ከዚያ ወደ ተለመዱት የሲስተም ፎልደሮች ይሄዳል። የፈለገውን ካገኘ እዚያው ይቆማል፤ «ከዚህ የተሻለ ሌላ ቦታ ይኖር ይሆን?» አይልም። ያገኘውንም አድራሻ «ካሽ» በሚባል ፋይል ይመዘግባል። በሚቀጥለው ጊዜ መዝገቡን ያነብባል እንጂ እንደገና አይፈልግም። ስለዚህ አዲስ ላይብረሪ አስገብታችሁ አሮጌው ላይ ሙጭጭ ካለባችሁ ካሹን አጥፍታችሁ እንደገና ማስጀመር ነው።

3. ሁለተኛው ጥያቄ፦ ስንተኛው ነው?

በእኛ አካባቢ ይህን ጥያቄ የቅኔ ትምህርት ቤት ሰዎች ያውቁታል። ከቢቸና ብዙም በማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ አንድ ተማሪ «ቅኔ ተምሬያለሁ» ቢል ነገሩ በዚያ አያበቃም። ዋድላ ነው? ጎንጅ ነው? ዋሸራ ነው? የማን ቤት? ይባላል። ስሙ አንድ ቢሆንም መንገዱ ይለያያልና። ላይብረሪም እንዲሁ ነው፤ ስሙ ብቻ ምስክር አይሆንም።

የቨርዥን ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ሲለወጥ አሮጌ ኮድ ላይሠራ ይችላል ማለት ነው፤ ሁለተኛው ሲለወጥ አዲስ ነገር ተጨምሯል፤ ሦስተኛው ሲለወጥ ስሕተት ታርሟል። ይህ ልማድ ነው እንጂ ሁሉም ላይብረሪ አይከተለውም። ቁጥሩ እንደ አስርዮሽ እንደማይነበብም ማወቅ ያስፈልጋል። በሒሳብ 1.9 ከ1.10 ይበልጣል፤ በቨርዥን ግን 1.10 ከ1.9 በኋላ የመጣ ነው። ነጥቡ ክፍል ይለያል እንጂ አስርዮሽ አይደለምና። ሲሜክ ይህን ያውቃል፤ በገዛ እጃችን የማወዳደሪያ ኮድ ስንጽፍ ግን መጠንቀቅ አለብን።

ሌላው ጉዳይ ቁጥሩ ከየት ይነበባል የሚለው ነው። ሲሜክ የአይ-ሲ-ዩን ቨርዥን የሚያነበው ከሄደሩ ነው። እንግዲህ ሄደሩ ከአንድ ፎልደር፣ ላይብረሪው ከሌላ ፎልደር ቢገኝስ? ሄደሩ «70 ነኝ» ይላል፣ ሥራውን የሚሠራው ግን 66 ይሆናል። ደግነቱ አይ-ሲ-ዩ በእያንዳንዱ ተግባር ስም ጫፍ ላይ የቨርዥኑን ቁጥር ይለጥፋል። ስለዚህ ሲገናኙ ስሞቹ አይገጥሙም፣ ቢልዱም ይቆማል። «ያልተገለጸ» የሚል መልእክት መጥቶ በስሙ ጫፍ 70 ካያችሁ ተደናግጣችሁ ኮዱን አትነካኩ፤ ሁለቱ ፋይሎች የተለያዩ ቤቶች ልጆች ናቸውና።

መፍትሔያችን አንድ መስመር ነበር። «አይ-ሲ-ዩ ያስፈልጋል፤ ከ70 ማነስ የለበትም» ብሎ ጓደኛዬ በሲሜክ ፋይሉ ላይ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ የእኔ ላፕቶፕ የተገኘው 66.1 ስለሆነ አይበቃም ብሎ ቆመ። የቆመ ፕሮግራም ከሚሳሳት ፕሮግራም ይሻላል።

4. ኢንተርኔት በሌለበትስ?

ብዙዎቹ የዛሬ መሣሪያዎች የጎደለውን ላይብረሪ ከኢንተርኔት ራሳቸው ያወርዳሉ። ሆኖም በሐምሌ 2015 ዓ.ም ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንዳየነው፣ ይህን ብቻ ተማምኖ መቀመጥ አይቻልም። ጓደኛዬ የአይ-ሲ-ዩ 70ን ምንጭ ኮድ ባሕር ዳር ሳለ አውርዶ ይዞት ስለነበር በፍላሽ አድርጎ ወደ ቢቸና በሚመጣ ዘመድ ላከልኝ። የፋይሉን የማረጋገጫ ቁጥር በስልክ እያነበበልኝ አመሳከርኩ። ከዚያ በራሴ ፎልደር ውስጥ ሠራሁት፣ ለሲሜክም ፎልደሩን ጠቆምኩት። የሲስተሙን 66 አልነካሁም፤ ሌሎች ፕሮግራሞች በእሱ ላይ ቆመዋልና። ሁለቱ ቁጥራቸው ስለሚለያይ ጎን ለጎን ይኖራሉ። በመጨረሻም «ኤል-ዲ-ዲ» በሚባለው ትእዛዝ የተሠራው ፕሮግራም በሥራ ላይ የሚይዘው የትኛውን እንደሆነ አየሁ። የሁለቱ ከተሞች ቁጥር ገጠመ።

5. አዲስ ሁሉ ደኅና ነውን?

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 «ሎግ ፎር ጄ» በተባለ የጃቫ ላይብረሪ ውስጥ ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ ተገኘ። እስከ 2.14.1 ያሉት የ2 ተከታታይ ቨርዥኖች ተጋላጭ ነበሩ። ላይብረሪው በሌሎች ላይብረሪዎች ሆድ ውስጥ ስለሚገባ ብዙ ድርጅቶች እነሱ ዘንድ ይኑር አይኑር ለማወቅ ተቸገሩ። ይህ «አድሱ» ያሰኛል። በመጋቢት 2024 ግን «ኤክስ-ዜድ» በተባለው ላይብረሪ 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የጓሮ በር ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሩንድ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ ወደ ኮምፒውተሩ መግቢያው በግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱ አጠራጥሮት ነው። እዚያ የዳኑት አሮጌውን የያዙት ነበሩ። ስለዚህ ጥያቄው «አዲስ ነው?» ሳይሆን «በትክክል የትኛው ነው?» የሚል መሆን አለበት።

ማጠቃለያ

በትምህርት ክፍላችን አንድ ዜና ሲቀርብ «ማን አለ? መቼ አለ?» ብለን እንጠይቃለን። ፕሮግራም ለምንሠራም ሆነ ለምንጠቀም ሰዎች የሚከተሉት አራት ነጥቦች ይህንኑ ይተካሉ። ላይብረሪው ከየትኛው ፎልደር እንደመጣ እንወቅ። ሄደሩና ላይብረሪው አንድ ቨርዥን መሆናቸውን እናረጋግጥ። የሚያስፈልገንን ዝቅተኛ ቨርዥን በቢልድ ፋይሉ ላይ በግልጽ እንጻፍ። የምንጭ ኮዱን ቅጂ ኢንተርኔት ሳለ እናስቀምጥ። የቃል ብዛትንም ሆነ ሌላ ቁጥርን በጽሑፋችን ስናወጣ ቁጥሩ በየትኛው ፕሮግራምና በስንተኛው ቨርዥን እንደተገኘ ከጎኑ ብንጽፍ፣ ሞጣ ያለ አንባቢም ቢቸና ያለ አንባቢም ራሱ ቆጥሮ ሊያረጋግጠው ይችላል።